ድምፅ የለም

የእኛ እጅ እስካሁን ዘይት ዘይት ይላል።

እናላችሁ… የዛሬው ወሬያችን ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም (ስለ ኑሮ ውድነት ያልሆነ ወሬ ካለ ማለታችን ነው)። ስለ አንዲት ቮልስ ነው። ደግሞ "እኛ" ስንል የጋዜጠኛ "እኛ" እንዳይመስላችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ነን። አንዳችን ቮልሷ ትሸጥ ባይ፣ አንዳችን አትሸጥም ባይ ነበርን። የትኛው ምን ይል እንደነበር አንነግራችሁም። በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ስለተቀያየርን እኛም በደንብ አናስታውሰውም።

ቮልሷ የአባታችን ናት። በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል፣ 1300፣ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ የነበረ። አባባ በ1976 ዓ.ም. ከአስተማሪ ደመወዛቸው አጠራቅመው በሁለተኛ እጅ ገዟት። እኛ ያኔ አልተወለድንም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ታላቃችን እሷ ናት፣ ጥሩውን ጥላ ይዛ የምትቆመውም እሷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስ ባለቤት የምታውቁ ከሆነ የመጀመሪያ ወሬው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። አባባም ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መንግሥት ቆመ፣ ቮልሷ ግን አልቆመችም" ይላሉ። እንግዳው እንዲስቅ ይጠበቃል።

ሕመሟ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ሚኒሞ ላይ ስትሆን መንዘፍዘፍ አመጣች። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናታችን ትንቀጠቀጣለች። ፍጥነት ስትይዝ ትንሽ ይሻላታል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዳገት ግን ድሮ እያፏጨች ትወጣው የነበረውን አሁን እያለከለከች ሆነ። ከጭስ ማውጫውም በየመሃሉ "ፑፍ… ፑፍ" የሚል ነገር ይሰማል።

"አባባ፣ ሞተሩ በሦስት ነው የሚሠራው" አልናቸው።

"ሰላም ነው። ምንም ድምፅ የለውም" አሉ።

እንግዲህ አባባ ማለት እኛ ልጆች ሳለን ሳሎን ቁጭ ብለው፣ በራችን ላይ የሚያልፈውን መኪና ሳያዩ "ይሄ ፔጆ 404 ነው፣ አንድ ካንዴላው ሞቷል" የሚሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ሰላም ነው ካሉ የገዛ ጆሯችንን ነው የተጠራጠርነው። አንድ ወር ተጠራጠርን። ከዚያ እናታችን "እኔ በዚህች መኪና ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኩላሊቴ ቦታ ይቀይራል" ስትል ጋራዥ ወሰድናት።

የመጀመሪያው መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ብቻ አየና "ካርቡራቶሩ ነው" አለ። ሶማሌ ተራ ሄደን፣ ተከራክረን፣ ከኛ በዕድሜ የሚበልጥ ካርቡራቶር ገዝተን መጣን። ተገጠመ። ቮልሷ እንደ ድሮዋ ተንዘፈዘፈች። ሁለተኛው "ኤሌክትሪክ ነው" ብሎ ካንዴላውን፣ ፑንቲናውን፣ ኮንደንሰሩን፣ ገመዱን ሁሉ ባንድ ቀን ቀየረው። ተንዘፈዘፈች። (በነገራችን ላይ የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ፣ ሚኒሞ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ… ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲባረር የመሣሪያ ሳጥኑን ረስቶ የሄደ ነው የሚመስለው።)

ሦስተኛው የተሻለ ነበር፣ ቢያንስ ለካ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ በቦታቸው የግፊት መለኪያ ሰክቶ ሞተሩን አዞረ። አንደኛው ሲሊንደር 90፣ ሁለተኛው 92፣ ሦስተኛው 58፣ አራተኛው 88 ፒ.ኤስ.አይ. አሳየ። ከዚያ ስልኩን አወጣና አንድ ሰንጠረዥ አሳየን። "ጤነኛ ሞተር 120 ገደማ ነው የሚለው። እናንተ ጋ አንድም የለም። አራቱም ደክመዋል። ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ። 150,000 ብር።"

150,000 ብር! ያን ቀን ማታ ቤታችን ውስጥ ጉባኤ ተደረገ። እናታችን "ሽጧት" አለች። ትሸጥ ባዩ ወንድማችን ደረቱን ነፋ። ገዢም አልጠፋም ነበር። አንድ ሰው ቮልሷን ባየ ቁጥር "ትሸጣለች? ይደውሉ" የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ የመስታወት መጥረጊያው ሥር ሰክቶ ይሄዳል። ጎረቤታችን ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ችግር ሲኖር መኪናው ራሱ በጽሑፍ ይነግረዋል አሉ። የእኛዋ የምትነግረው በመንቀጥቀጥ ነው።

አባባ ጸጥ ብለው ቆዩና "ያ ልጅ ስንት ነው ያለው? 120?" አሉ።

"አዎ።"

"ያ የምጽዋ ቁጥር ነው። እኛ ያለነው እንጦጦ ሥር ነው።"

መጀመሪያ አልገባንም። ሲገባን ግን ለትሸጥ ባዩም ለአትሸጥም ባዩም እኩል አፈረን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው የሚስበውን አየር ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ 120 የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 90 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሦስቱ ደህና ናቸው። የታመመው አንድ ነው፣ ሦስተኛው። መካኒኩ ቁጥሮቹን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያየ እንጂ እርስ በርሳቸው አላስተያያቸውም።

እሑድ ጠዋት አባባ በርጩማቸውን ይዘው ግቢ ወጡና ከቮልሷ ኋላ ተቀመጡ። "ዛሬ ምንም አንገዛም" አሉ። "ደግሞ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንነካው። ሁለት ነገር ነክታችሁ ብትድን የቱ እንዳዳናት አታውቁም።" ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተው እንኳ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ሞተሩን አስነሳን። ፒንሳ በጎማ ጠቅልለን የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ነቀልን (በባዶ እጅ እንዳትሞክሩት፣ ከእኛ አንዱ ሞክሮ በጥፊ እንደተመታ ሰው ዞሮ አይቷል)። ነገሩ ቀላል ነው። የሚሠራ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ የባሰ ይወርዳል። የማይሠራ ከሆነ ግን መነቀሉንም አያውቅም።

አንደኛውን ነቀልን።

"ተለወጠ?" አሉ አባባ።

"ተለወጠ።"

ሁለተኛውን። "ተለወጠ?" "ተለወጠ።" ሦስተኛውን። "ተለወጠ?" "ኧረ ምንም!" አራተኛውን። "ተለወጠ?" "ተለወጠ።"

እኛ የአስተማሪ ጥያቄ ነው ብለን ነበር። አስተማሪ መልሱን የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው አይደል?

ቀጠልን። የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየርነው። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ አልሄደም፣ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። ገመዱንም እንደዚሁ። እሳቱ ደህና ነው ማለት ነው። ካርቡራቶሩስ? አባባ እዚህ ላይ በጣት ስበው ቴስታታውን አሳዩን። በዚህ ሞተር ሦስተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ከካርቡራቶር የሚመጣውን አየርና ቤንዚን የሚቀበሉት ባንድ በር ነው። አንድ ማድ ላይ የሚበሉ ወንድማማቾች ናቸው። ምግቡ የተበላሸ ቢሆን ወይም በመንገድ ላይ ትርፍ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር፣ አራተኛውም አብሮ በታመመ ነበር። አራተኛው ደህና ከሆነ ካርቡራቶሩ ንጹሕ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ የከፈልነው ብር ትዝ ሲለን ተያየን።

የቀረው ግፊቱ የሚያመልጥበት ቦታ ነው። ወይ በፒስተኑ ቀለበት በኩል ወደ ታች ነው፣ ወይ በቫልቭ በኩል። አንዳንዱ መካኒክ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሮ ደግሞ ይለካል፤ ግፊቱ ከጨመረ ቀለበቱ ነው ይላል። የቮልስ ሲሊንደር ግን በጎኑ የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ታች ይተኛና እንደ ሌላው ሞተር አይታመንም። አባባ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ከኮት ኪሳቸው አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጡ።

"ትሸጣለች? ይደውሉ" የሚለው ወረቀት ነው! ለካ አንዱን አንስተው ኪሳቸው ከተዋል።

ሞተሩ እየሠራ ወረቀቱን ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጥቂት ጣት ራቅ አድርገው ያዙት። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚገፋው፣ ባንድ ምት። የእኛው ሞተር ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ መጠጠው። ደግሞ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፣ መጠጠ። አንዱ ሲሊንደር አየር ሲስብ በጭስ በኩልም እየሳበ ነው።

"የጭስ ማስወጫው ቫልቭ አፉን አይዘጋም" አሉ አባባ። ደስ ብሏቸው ነበር። የገዢው ስልክ ቁጥር ጥቀርሻ ሆኖ አይነበብም።

የቫልቭ ልኬት የሚሠራው በቀዝቃዛ ሞተር ስለሆነ ለሰኞ ጠዋት ተቀጠረ። ማታ አባባ "ደብተሬን አምጡና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳስተካከልኩት እዩ" አሉን። ደብተሩ ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው። ዘይት የተቀየረበት፣ ጎማ የተገዛበት፣ ሁሉም በቀንና በኪሎ ሜትር ተጽፏል። ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አለ። "ቫልቭ ተስተካከለ፣ 0.15።" "ቫልቭ ተስተካከለ፣ 0.15።" ገጽ ሙሉ። ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከደብተር ወረቀት ትንሽ ወፈር ያለ ክፍተት።

ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ግን ጽሑፉ ይለወጣል። "ቫልቭ፦ ድምፅ የለም። ጥሩ ነው።" ከ5,000 በኋላ ደግሞ፣ "ድምፅ የለም።" ደግሞ፣ "ድምፅ የለም።"

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ… ላስረዳችሁ ብለን ተሻማን። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት በዚያ ነው። ጠቅ ጠቅ ካለ ይከፍታሉ፣ ካላለ ይተዋሉ። ችግሩ፣ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሲጎዳ ክፍተቱ የሚሰፋ ሳይሆን የሚጠብ መሆኑ ነው። ቫልቩ ከመቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ወይም በሙቀት እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ክፍተቱም እየጠበበ ሄዶ ያልቃል። የጠበበ ቫልቭ ደግሞ ድምፅ የለውም። ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይቃጠላል። ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ገጥሞ ሲዘጋ ነውና፣ ካልተዘጋ እየጋለ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ከአራቱ ለዚህ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው፤ በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደውን ንፋስ ይከልልበታል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለው ተረት ለቫልቭ አይሠራም።

እሺ፣ ይሄ የሞተሩ ዝምታ ነው። ግን ሞተሩ ዝም አላለም ነበር እኮ! ከጥር ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። ፑፍ ፑፍ ሲል ጎረቤት በመስኮት ያይ ነበር።

ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ከሳሎን ይጮሃል። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ባለፈው ዓመት ደግሞ አባባ ቮልሷን ግቢ አስገብተው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ገብተው ምሳ በልተው ነበር። ያኔ ስቀን "አባባ አረጁ" ብለናል። የቮልስ ሞተር እየሠራ ገብቶ ምሳ መብላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላሰብንም። "ተለወጠ? ተለወጠ?" ለካ የአስተማሪ ጥያቄ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ከሥር ገባን። የቫልቩን ክዳን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ገፍተን ከፈትን፣ የወረደው ዘይት እጅጌያችን ውስጥ ገባ። ፑሊውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር እያዞርን ከአንደኛው ወደ አራተኛው በተራ ለካን። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው ትንሽ ጠበብ ብለዋል እንጂ ክፉ አይደሉም። የሦስተኛው ጭስ ማስወጫ ላይ ግን ከመለኪያዎቹ በጣም ቀጭኗ ብረት እንኳ አልገባችም። ክፍተት የሚባል ነገር የለም። በ13 ቁልፍ ፈታን፣ 0.15 አደረግን፣ አሰርን፣ ደግመን ለካን፣ አባባም እንደገና አስለኩን።

ቁልፉ ሲዞር ቮልሷ ባንድ ጊዜ ተነሳች። መስታወቱ አልተንቀጠቀጠም። እኛ ልጆች ሆነን የምናውቀው ያ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፅ፣ ትንሽዬ ጠቅ ጠቅ ያለችበት።

አባባ ከበርጩማቸው ተነሥተው መዳፋቸውን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አራቱም አሉ" አሉ።

ከእኛ አንዱ ነው የጠየቀው (የትኛው እንደሆነ ይሄንንም አንነግራችሁም)። ጮክ ብሎ ነው የጠየቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እያወቀ ጮክ ብሎ። "አባባ፣ ደብተሩ ላይ ድምፅ የለም ብለው የጻፉት…"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የቀኙ ቆየ። የግራው አምና ነው።" ሞተሩን አጥፉት አሉን በእጃቸው። "ብነግራችሁ መሪውን ትቀሙኛላችሁ ብዬ ነው።"

ምን እንመልስ? "ኧረ አባባ፣ በፍጹም" ማለት ነበረብን። ግን ውሸት ነው። በዚያች ደቂቃ ሁለታችንም እያሰብን የነበረው ያንኑ ነው። የከተማው መንገድ አሁን የሚነዳው ሰው ሁሉ በጥሩምባ የሚነጋገርበት ነው፣ አባባ ደግሞ ሰባ ዓመታቸው ነው። ዝም አልን። ዝምታችን የገባቸው ይመስለናል፣ ምክንያቱም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በርጩማው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ቁልፉ እስከ ማታ እዚያው ነበር። ማናችንም ልናነሳው አልፈለግንም፣ እናታችን ናት ያነሳችው።

ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው። የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ተይዟል፣ እስከዚያ እኛ እንነዳለን፣ እሳቸው ከጎን ይቀመጣሉ። ከጎን መቀመጥ አይችሉበትም። እግራቸው ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ቮልሷስ? 500 ኪሎ ሜትር ነድተን በቀዝቃዛ ሞተር ደግመን ለካን። 0.15 ያደረግነው 0.10 ሆኗል። በ500 ኪሎ ሜትር እንዲህ ከጠበበ ቫልቩ አልቆለታል፣ ማስተካከል ብቻ አያድነውም። ያ በግራ በኩል ያለው ቴስታታ ይወርዳል፣ ቮልስ ላይ ደግሞ ቴስታታ ለማውረድ ሞተሩ ይወርዳል። ሦስተኛው መካኒክ ሞተሩ ይውረድ ያለው በተሳሳተ ምክንያት ቢሆንም ከመውረድ አላመለጥንም! ደግነቱ ሞተሩ ከማርሹ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ የሚፈታውም አንድ ቴስታታ ነው፣ ሌላው አይነካም። ለቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻችንን ጠርተናል። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ወጪው ከ150,000 በብዙ ያንሳል። ትሸጥ ባዩ ወንድማችንም በዚህ ሳምንት ስለ መሸጥ አላነሳም። ገዢው ሌላ ወረቀት ሰክቷል።

ልኬቱን ለአባባ ስንነግራቸው መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከፈቱ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ "3ኛ፣ ጭስ ማስወጫ፣ 0.10። ሞተሩ ይወርዳል" ብለው ጻፉ። ከሥሩ፣ ድሮ "ድምፅ የለም" ይሉበት በነበረው መስመር ላይ ብዕሩን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

"ድምፅ፦ ልጆቹን ጠይቅ" ብለው ጻፉና ደብተሩን ዘጉት።